ጥገት አይመታም

ዱላው የላሚቱን ሽንጥ ሲያገኘው ድምፁ ለቀስተኛው እስከተቀመጠበት ክፍል ድረስ ዘለቀ። የሟች እህት ሲኒዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወሬዋን ቀጠለች።

«ወንድሜ እኮ ርኅሩኅ ነበር። ላም እንኳ መትቶ አያውቅም!»

«እውነት ነው» አለ ክፍሉ በሙሉ። እውነትም እውነት ነበር። የሟች ሴት ልጅ፣ የፊት ጥርሷን በአባቷ ቡጢ ያጣችው፣ ሳቋን ሻርፗ ውስጥ ቀበረች። አክስቷ ሳግ መሰላት።

«አልቅሺ የኔ ልጅ፣ ይውጣልሽ።»

አባት ወተት ሻጭ ነበር። የተመታች ላም ወተቷን ትይዛለች ብሎ ስለሚያምን በረት ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያቆላምጣል፤ ቤት ሲገባ ቀበቶውን ይፈታል። «ጥገት አይመታም» የዘወትር ቃሉ ነበረች።

«ጥገት የዱሮ ቃል ነው» አለ ጎረቤታቸው የቋንቋ መምህር፤ ለቅሶ ቤትም ጠመኔ የያዘ ይመስለዋል። «ወልዳ የምትታለብ፣ በተለይ ላም፣ ጥገት ትባላለች። ወተቷ ሲነጥፍ ስሙም አብሮ ይቀራል።»

«ከዚያስ ምን ትባላለች?»

«ሥጋ» አለ ከጥግ የተቀመጠው ባለ ልኳንዳ።

ለቀስተኛው ሳቀ፤ የት እንዳለ ትዝ ሲለው አቀረቀረ። ባለ ልኳንዳው የመጣው ለማጽናናት ብቻ አልነበረም። ጌታዋ ከሞተ ወዲህ ላሚቱ ጠብታ አልሰጠችም፤ የሟች ወንድ ልጅ ደግሞ ዛሬ ካልታለበች ነገ ትታረዳለች ብሎ ቃል ገብቶለታል።

በረቱ ውስጥ የወንድ ልጁ ዱላ እንደገና ጮኸ። አክስቲቱ ድምፁን በጨዋታ ልትሸፍን ወደ ልጅቱ ዞረች።

«አንቺ እኮ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ደብተርሽን ወርውረሽ ጡት ትጠቢ ነበር! እናትሽ ስታቀማጥልሽ!»

ከቀብሩ ወዲህ ቃል ያልወጣት እናት ከፍራሿ ቀና አለች።

«ማቀማጠል አይደለም» አለች። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሳጠባ አይመታኝም ነበር። ‹ጥገት አይመታም› ይል አልነበር? ጥርስ አብቅላ እየነከሰችኝም አጠባኋት።»

አክስቲቱ ሲኒዋን አስቀመጠች።

ልጅቱ ጓደኞቿ ሲሳለቁባት «ከእንግዲህ ጡት አልፈልግም» ያለችበት ቀን ትዝ አላት። ብዙም ሳይቆይ የእናቷ ክንድ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ከግድግዳው ማዶ ሰምታ ነበር። አጥንቱ ጠሞ ገጠመ። የሁለቱን ነገር ዝምድና ግን እስካሁን የነገራት አልነበረም።

ተነስታ ወደ በረቱ ሮጠች። የላሚቱ ጀርባ ሰንበር በሰንበር ሆኗል፤ ከአፍንጫዋ ደም ይንጠባጠባል። ወንድሟ ዱላውን አነሳ።

«ዞር በይ! አንቺንም አልምርም!»

«ምታኛ! የአባትህ ልጅ አይደለህ?»

መታት። ክንዷን ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እሱ የዱላውን መያዣ የሌላ ሰው እጅ እንደጨበጠው ሁሉ አፍጥጦ አየው።

«አምጣው» አለ ከበሩ ድምፅ። እናት ቆማለች፣ የባሏን የሥራ ካፖርት ለብሳ። ከሞተ ጀምሮ ከሚስማሩ ላይ ያወረደው ሰው አልነበረም።

ሰጣት። በጉልበቷ ልትሰብረው ሞከረች፤ እምቢ አላት። ባሏ ዱላ መምረጥ ያውቅበት ነበር። ፍጉ ውስጥ ወረወረችው።

«ውጣ። ያንን ባለ ልኳንዳም ይዘኸው ውጣ።»

ላሚቱ የካፖርቱን እጅጌ አሸተተች፤ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች። እናት በርጩማው ላይ ተቀምጣ የላሚቱን ጡት ስትነካው ወተቱ ባዶውን ባልዲ ይመታው ጀመር።

«እሱ መስያት ነው» አለች ግንባሯን የላሚቱ ሆድ ላይ አስደግፋ። «ከልቧ የምታለቅስለት እሷ ብቻ ናት። እኔ...»

የልጇን ያበጠ ክንድ ልታይ እጇን ዘረጋች። ልጅቱ የአባቷ እጅጌ ወደ እሷ ሲመጣ ሳታስበው ፊቷን ሸፈነች።

የእናት እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ እጅጌውን ቀስ ብላ ጠቀለለችው፤ ጠማማው አጥንት እስኪታይ ድረስ ጠቀለለችው። ያንን ክንድ፣ የራሷን፣ እንደገና ዘረጋች።