ቀድሞ የገባ ጃንጥላ

ለቅዱስ ሚካኤል ጃንጥላ ያስገባሁት ስለቴ ሳይሰምር ነው። ይህን ከእኔ ሌላ የሚያውቁት አምስት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ያን ጊዜ የሰማንያ ቀን ሕፃን ስለነበረች ለማንም አልተናገረችም።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። ሰው ይሳላል፣ ይጠብቃል፣ ሲሰምርለት ጃንጥላውን ተሸክሞ ይመጣል፣ እልል ይባልለታል። እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ የበጠስኩ ሰው ነኝ። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሰበታ ላይ በጸሐፊነት ተመድቤ፣ ወደ አዲስ አበባ ልዛወር እያልኩ እንቅልፍ ሳጣ፣ ነገሩን በዘመናዊ መንገድ አሰብኩት። ባለሥልጣን ዘንድ ጉዳይ ያለው ሰው እጅ መንሻውን ይዞ ነው የሚገባው። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ የሚያመጣ ማን ሞኝ አለ? ቀድሞ የተቀበለ ባለሥልጣን ደግሞ ይሉኝታ ይይዘዋል። እግዚአብሔርንም በይሉኝታ ልይዘው አሰብኩ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ባለ ወርቅ ዘርፍ ቀይ ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ። የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ወርቁ ጃንጥላውን ዘርግተው ለሕዝቡ አሳዩና፣

«የልጃችን የአቶ ጌታቸው ስለት ሰምሯል! እልል በሉ!» አሉ።

እልል ተባለ። «ገና ነው፤ መንገድ ላይ ነው» ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ትሕትና መሰለ።

ሕዝቡ ሲበተን አንዲት ሴት ቀረበችኝ። ወርቅቱ ትባላለች፤ ባሏ ኦቦ ኩምሳ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ማሳ ላይ የሚያርስ ገበሬ ነው።

«ጌታዬ፣ አይቆጡኝና፣ ምን ለምነው ነው የሰጠዎት?»

«ኧረ ብዙ ነገር!»

«ቆይቶ ነው ወይስ ቶሎ?»

«ቶሎ» አልኳት። ውሸት አንዴ ከጀመሩት አፍ ይፈታል።

«ዋቃ ኮ!» አለች፤ አምላኬ ማለቷ ነው። ደረቷን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ በጃንጥላዬ የተገረመች መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በየሐሙሱ አዲስ አበባ እየወጣሁ የአንድ ዲሬክተር ደጅ ጠናሁ። ፀሐፊዋ ስሜን እስክታውቅ ስድስት ወር ፈጀባት፤ ካወቀችው በኋላ «አቶ ጌታቸው፣ በሚመጣው ሳምንት ብቅ ይበሉ» ማለት ጀመረች፤ እድገት ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ዞረ። በነሐሴ መግቢያ ላይ፣ አጠገቤ ባለው ጠረጴዛ የሚሠራው ተድላ፣ ረቡዕን ከማክሰኞ ሳይለይ ሥጋ የሚበላው ተድላ፣ ተዛወረ። አንዲት ጧፍ እንኳ አላበራም። የስለቴን ጉዳይ ለሱ ብቻ ነግሬው ነበርና ዕቃውን እየሰበሰበ፣

«ጌቾ፣ ጃንጥላ እኮ ከላይ የሚወርደውን ሁሉ ይከለክላል። ዝውውርህ ወርዶ ወርዶ እዚያ ላይ ነጥሮ ነው የተመለሰው!» አለኝ።

ሳቅሁለት። ማታውን ግን አኮረፍኩ። ተድላን አይደለም፤ ከተድላ በላይ ያለውን። ሱሉልታ ያለች አንዲት ማርያም ቶሎ ትሰማለች ሲባል ሰምቼ ነበር። እኔ ካልተዛወርኩ ጃንጥላው ይዛወር አልኩ።

ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው እሑድ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ መምሬ ወርቁን ከቅዳሴ በኋላ ዕቃ ቤቱ በር ላይ አገኘኋቸው።

«መምሬ፣ ጃንጥላዬን ልወስደው ነበር።»

«ልታስጠግነው? ደህና ነው እኮ፤ ምንም አልሆነ።»

መውጫ በር ከፈቱልኝ። አልወጣሁበትም፤ ታማኝ ስለሆንኩ ሳይሆን ስለተናደድኩ።

«ወደ ሱሉልታ ነው። ስለቴ አልሰመረም። ቀድሜ ነው ያስገባሁት።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰው እልል ያሰኘኸኝ በምን ነበር?»

ይህን እንዳሉ ከወደ ክርስትና ቤቱ የእኔው ቀይ ጃንጥላ ብቅ አለ። ኦቦ ኩምሳ ይዞታል፤ ከሥሩ ወርቅቱ በነጠላ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፋለች። ስታየኝ ፈጠነች።

«አቶ ጌታቸው! ሚካኤል ራሱ አመጣዎት! ልጄን አያንቱን ይዩልኝ፣ ዛሬ ክርስትና ተነሣች። አሥራ አራት ዓመት ለምኜ፣ በቃኝ ብዬ ትቼው ነበር። እርስዎ ቶሎ ሰጠኝ ሲሉኝ ነው እንደገና የጀመርኩት። ለዚህ ሰውዬ የሰማ ለኔ ምን ይከለክለዋል አልኩ።»

መምሬ ወርቁ ዕቃ ቤቱን ይመለከታሉ።

«ምን ነበር የሰጠዎት?» አለ ኦቦ ኩምሳ። «ይቺ ሴት ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የመጣችው፤ ሁልጊዜ እጠይቃታለሁ።»

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ዝውውሩን፣ እጅ መንሻውን፣ ሱሉልታን። ስናገረው ትንሽ ነገር ነበር፤ አፌ ውስጥ እያነሰ ሄደ። ስድብ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

«ታዲያ እስካሁን እየጠበቁ ነው?» አለች ወርቅቱ።

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

አሥራ አራት የሚለው ቁጥር ገና ጆሮዬ ውስጥ ነው። «ዓመት ከሁለት ወር።»

«አይ ጌታዬ! ዓመት ከሁለት ወር! ብቻዎን?»

ፊቷ ላይ ፌዝ ፈለግሁ። አጣሁ። ከልቧ አዝናልኛለች። ኦቦ ኩምሳም ራሱን እየነቀነቀ፣

«እኛ እንኳ ሁለት ነበርን» አለ።

ወርቅቱም በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለችው፤ እሱም የጃንጥላውን ዘንግ እጄ ላይ አኖረው። «ያልሰመረ ስለት የሰው ዕቃ ነው፤ ሚካኤል አይፈልገውም» አለችና ነጠላዋን በሕፃኗ ላይ ጎትታ ዝናቡ ውስጥ ገባች። ባሏ ተከተላት።

የፈለግሁት በእጄ ነው። የሱሉልታ መንገድ በግራ በኩል ነው። እዚያ ቆሜ የሕፃኗ ነጠላ ሲረጥብ አየሁ።

ሮጬ ደረስኩባቸውና ጃንጥላውን ከላያቸው ያዝኩ። ማንም ና አላለኝም፣ ማንም ተመለስ አላለኝም። ቁልቁለቱን እስከ ቤታቸው ድረስ ከኋላ ከኋላ እየረገጥኩ፣ እነሱ ደርቀው እኔ በስብሼ ሄድን። ወርቅቱ ስለ ላም ታወራለች። እኔ የማየው ተረከዟን ብቻ ነበር።

ስመለስ መምሬ ወርቁ እዚያው ቆመዋል። ጃንጥላውን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«ዛሬ ምን ብዬ ልቀበልህ?» አሉ።



«ገና እየጠበቀ ነው ይበሉ።»

ተቀበሉኝ። ውሃውን በቀሚሳቸው ጠርገው ዕቃ ቤት ይዘውት ገቡ።