ጀርባን ለሰዓት ሰጥቶ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ መኪና መንዳት አስተምራለሁ፤ የማስከፍለውም በሰዓት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠበቃችን በሰዓት እንደሚያስከፍል ሲነግረን ምንም ቅር አላለኝም። እንዲያውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሰለኝ። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ በእኛ ሙያ ቶሎ የሚገባው ተማሪ ኪሳራ ነው። ጠበቃውም ይህን ሳያውቅ አይቀርም።

ነገሩ የሱቋ ጉዳይ ነው። እኔን ያሳደገችበት፣ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረችበት ሱቅ። ሽማግሌው አከራይ ሲሞቱ ልጃቸው ወረሰና ሱቁን ልቀቂ አላት። ሱቁ ከሄደ ደንበኛውም አብሮ ይሄዳል። በዚህ ዕድሜዋ ሌላ ሰፈር ገብታ "ልብስ እሰፋለሁ" እያለች ራሷን ልታስተዋውቅ ነው።

ባለሰዓቱ፣ ጠበቃውን እንዲህ ነበር የምንጠራው፣ ሰላም ከማለቱ በፊት የጠረጴዛውን ሰዓት ያያል። ስልክ ስንደውልም ይቆጥራል። እህቴም መላ ዘየደች። ወደ ቢሮው ከመሄዷ በፊት ሱቋ ውስጥ ትለማመዳለች፣ እኔ ሰዓት እይዝላታለሁ። ነገሯን እንደ ጨርቅ ቆራረጠችው። ሰላምታው ወጣ። የሽማግሌው ደግነት ወጣ። "ይሄ ደግሞ የቤተሰብ ወሬ ነው" እያለች ሌላም ሌላም አወጣች። በመጨረሻ ጉዳዩ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ሆነና አጨበጨብኩላት። ባለሰዓቱ ደብዳቤ ጻፈ፣ መልስ መጣ፣ ለመልሱ ሌላ መልስ ጻፈ። እኛ አፋችንን ብንሰበስብም ሂሳቡ አልተሰበሰበም። ሁለተኛዋ የስፌት መኪና ተሸጠች።

ያኔ ነው አንዲት ደንበኛዋ ሌላ ጠበቃ የጠቆመቻት። ይቺኛዋ ሴት ናት፤ ቢሮዋ ከመድኃኒት ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ለጉዳዩ በሙሉ አንድ ዋጋ ነገረችን፦ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ሲያልቅ። ዋጋው የሚሸፍነውንና የማይሸፍነውን ፊት ለፊታችን አንድ በአንድ አስረዳችን። ይግባኝ ከመጣ ያኔ እንነጋገራለን፣ እስከዚያ ግን የፈለጋችሁትን ያህል ብትደውሉ ጭማሪ የለም አለች። እኔ ሆዬ አላመንኩም። ዋጋው ካለቀ ለምን ትደክማለች ብዬ ለእህቴ ሹክ ስላት ጠበቃዋ ሰማች።

"እህትዎ ቀሚስ ሲሰፉ የሚያስከፍሉት በሰዓት ነው?" አለችኝ።

"በቀሚስ ነዋ።"

"ታዲያ ዋጋ ተነጋግሬያለሁ ብለው አበላሽተው ይሰፋሉ?"

እህቴ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቋ ስለሆነ እኔም የመጀመሪያውን ግማሽ ቆጥሬ ሰጠሁ።

በሳምንቱ ጠበቃዋ ራሷ ሱቅ ድረስ መጣች። እህቴ የለመደችውን በአንድ ትንፋሽ ተወጣችው። ዓይኗ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ጠበቃዋ ተነሳች፣ ወንበሩን አዞረችና እህቴን ጀርባዋን ለሰዓቱ አሰጥታ አስቀመጠቻት። ከመጀመሪያው እንድትነግራት፣ ወሬ ነው ብላ የተወችውንም እንዳትተው ለመነቻት። እህቴ መጀመሪያ ተንተባተበች። ከዚያ ግን ማን ያስቁማት። ጠበቃዋ ደግሞ እየሰማች ዓይኗ ቤቱን ይዞራል። ሱቁ የጭቃ ሆኖ ሳለ የጓሮዋ ክፍል ለምን የብሎኬት እንደሆነች ጠየቀች።

"እሷማ የዚህ ልጅ ነገር ናት" አለች እህቴ፣ በመቀሷ ወደ እኔ እያመለከተች።

እናታችን ሞታ እህቴ ጋ ስመጣ የምተኛው ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ነበር። ሽማግሌው አንድ ቀን ጠዋት ሲገቡ እዚያው ተጠቅልዬ አገኙኝ። ከኋላ አንድ ክፍል በራስሽ ወጪ ሥሪ፣ እኔ ደግሞ ቃሌ ነው፣ መርፌ እስከያዝሽ ድረስ ከዚህ የሚያስነሳሽ የለም አሏት። እህቴ ያጠራቀመችውን ሁሉ አውጥታ ሠራቻት። እኔ ያቺ ክፍል ከሱቁ ጋር የተከራየች ነበር የምትመስለኝ። ጎረምሳ ሆኜ ጠበበችኝ ብዬ ስንቴ አኩርፌባታለሁ።

ጠበቃዋ ሽማግሌው ይህን ሲሉ ማን እንደሰማ ጠየቀች። ግንበኛው ሰምቷል፣ አሁን ልቀቂ የሚለኝ ልጃቸውም ነበረ፣ አሸዋ የሚያቀብለው እሱ ነበር አለች እህቴ፣ ቀላል ነገር እንደሚያወራ ሰው። ጠበቃዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ፈገግ አለች።

ግንበኛውን አፈላልጋ አገኘችው። አዲሱን አከራይም ሱቅ ድረስ ጠራችው። ደረቱን ነፍቶ መጣ። ድምጿን ከፍ አላደረገችበትም፤ ወደ ጓሮዋ ክፍል አስገብታ ከግንበኛው ጋር ሰላም አባባለቻቸው። ስለዚያ ጊዜ ሥራ ትንሽ ሲጫወቱ ጠብቃ፣ "ፍርድ ቤት ከሄድን የመጀመሪያው ምስክሬ እርስዎ ነዎት" አለችው። "አባትዎ ያሉትን ምለው ይናገራሉ።"

ሰውዬው አሸዋ ያቀበለለትን ግድግዳ በእጁ ዳሰሰ። አባቱን ነው ያሰበው መሰለኝ። በዚያው ሳምንት የሽማግሌው ቃል በጽሑፍ ሰፍሮ እሱና እህቴ ተፈራረሙ።

የቀረውን ግማሽ ልንከፍል ስንሄድ የእኔ አመል ተነሳ። ፍርድ ቤት ደጅ እንኳ ሳትረግጥ ሙሉውን ልትወስድ ነው አልኩ። እህቴ መንገድ መሃል ቀጥ አለች።

"ሙሽራ ቀሚሷን ከቀኑ ቀድሜ ባደርስላት፣ ቶሎ ጨረስሽ ብላ ትቀንስብኛለች?"

አትቀንስም። ደግሞም ቶሎ መጨረስ የሚጠቅማት ጠበቃዋን ነበር፤ ሱቅ የመጣች ቀን ግን አንዴም አልቸኮለችም። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ኮፍያዬን አንስቼላታለሁ። በሁለት እጄ ነው ገንዘቡን የሰጠኋት።

ሱቅ ተመለስን። እህቴ ክር እያስገባች ነው። እኔን ተማሪ እየጠበቀኝ ስለነበር ዓይኔ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደ። ለተማሪው ደወልኩና ለነገ አልኩት። ከዚያ ወንበሬን አዞርኩ።

"እትዬ፣ የክፍሏን ነገር እስቲ እንደገና ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።"

"ረጅም እኮ ነው" አለች።

"ይርዘም" አልኳት።