ሲሶ የሌለው ቁጥር

ማላም ኢሮ ቁጥሩን ለአራተኛ ጊዜ ለሦስት አካፈለው። አሁንም ሁለት ተረፈ።

በካትሲና ዙሪያ ምጥ የጠናባት ሴት ካለች ባሏ ወደዚህ የቁርዓን መምህር ይሮጣል። እሱም የስሟን፣ የእናቷን ስምና ለምጥ የሚጻፈውን የቁርዓን ጥቅስ ፊደላት እንደየቁጥር ዋጋቸው ደምሮ፣ ድምሩን ዘጠኝ ቤት ባለው ገበታ ላይ ይደለድለዋል። ሰሌዳ ላይ የጻፈው ቀለም ይታጠብና ምጠኛዋ ትጠጣዋለች። ገበታው ወደ ጎን፣ ወደ ታች፣ ከጥግ ጥግም ሲደመር ያው ቁጥር ካልመጣ ግን «ጭቃ ውሃ ነው» እያለ ስንቱን ባል ባዶ እጁን ሸኝቷል። ዛሬ ከሣሩ አጥር ወዲያ የምታምጠው የገዛ ልጁ ናት፤ ሁለት ቀን ሆናት። ቁጥሯ ሃያ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ስምንት ነው።

አዋላጇ ታኒ ብቅ አለች። «ምን ታፈጣለህ? ሰሌዳውን አምጣ እንጂ!»

«አልሆነም፣ ታኒ። የመሃሉ ቤት የድምሩ ሲሶ መሆን አለበት። ይሄ ቁጥር ደግሞ ሲሶ የለውም።»

«አንዷን ወሸቅ አድርግባት! ማን ይቆጥርብሃል?»

«እሷ ትቆጥራለቻ! ያስተማርኳት እኔው ነኝ።»

«ወይ ጉድ! ለአገር ሲጽፍ የኖረ ብዕር ለቤቱ ደረቀ!»

 ማላምን የያዘው ቅንነት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ገበታው ጠማማ መሆኑን ካወቀች ተስፋ ቆርጣ ትሞትብኛለች ብሎ ፈራ።

«አባባ...» አለች ከውስጥ። «ቁጥሩን ይንገሩኝ።»

እየተንተባተበ ነገራት። «ግማሹ አሥር ሺህ ሦስት መቶ ሃያ አራት» አለች። ምጡ መጣ፣ ጮኸች፣ ሄደ። «አምስት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ ሁለት።» ደግሞ ጮኸች። «ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሰማንያ አንድ። ከዚህ በኋላ ለሁለት እንቢ አለኝ።»

ማላም አሸዋው ላይ በጣቱ ተከተላት። እያካፈለች እስከሆነ ድረስ በሕይወት አለች ማለት ነው።

«ለሰባት... አምስት ተረፈ። ለአሥራ አንድ... ሰባት።» ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። «ለአሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ስድስት። ለሃያ ሦስት...»

ቀሪውን ሳትናገር ዝም አለች። ታኒ ወዲያ ወዲህ ስትሯሯጥና ውሃ ስትደፋ ተሰማ፤ የልጅቷ ድምፅ ግን የለም። የማላም ጣት ብቻ አሸዋው ላይ ሮጦ የሚቀጥለውን አካፋይ አገኘ።

በአገሩ ወግ አባት የበኩር ልጁን በስሟ አይጠራም፤ ነውር ነው። በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ጮኸ።

«ሳውዴ! በሃያ ዘጠኝ ሞክሪው! ሳውዴ! ሳውዴ!»

«ሰውየው አበደ!» አለች ታኒ።

ከዚያ ሕፃን አለቀሰ። ማላም ግን አልተነቃነቀም፤ የሚጠብቀው እሱን አልነበረም። ትንፋሹን ውጦ ጆሮውን ሣሩ ላይ ለጠፈ።

«ሰማንያ ዘጠኝ» አለች ሳውዴ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «አባባ፣ ምንም አልተረፈም።»