አድማ ካለ ክፍት ነው

በእኛ ከተማ፣ በፔና ሩይቫ፣ አንዲት ሴት ምጥ ሲይዛት ባሏ መጀመሪያ የሚያየው የሆስፒታሉን አጥር ነው። አጥሩ ላይ የሠራተኛ ማኅበራችን ቀይ ጨርቅ ከተሰቀለ ልቡ መለስ ይላል፤ አድማ አለ ማለት ነው፣ አድማ ካለ ደግሞ ማዋለጃው ክፍት ነው። ጨርቁ ከሌለና ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ ግን መኪናውን አዙሮ ከተራራው ማዶ ወዳለው ሆስፒታል የሚወስደውን የተራራውን መንገድ ይይዛል።

ይህን ለዋና ከተማው፣ ለሊዝበን ሰው ሳስረዳ የቀለድኩ ይመስለዋል። ምን ቀልድ አለው? በደህናው ጊዜ ቅዳሜና እሑድ አዋላጅ ስለሌለ ክፍሉ ይዘጋል። አድማ ስንጠራ ግን ሕጉ የሰው ሕይወት የሚያድን አገልግሎት አይቋረጥም ይልና፣ በወረቀት ላይ የተመደበው የሠራተኛ ቁጥር ሁሉ እንዲሟላ ያዛል። ያን ጊዜ አስተዳደሩ የዓመት ፈቃድ ይሰርዛል፣ ጡረታ የወጣ ይለምናል፣ ከጎረቤት ሆስፒታል ይዋሳል፣ ብቻ አዋላጅ ከየትም ብሎ ያመጣል። እኛም “አድማ ላይ ነኝ” የሚል ጨርቅ ክንዳችን ላይ አስረን ከሌላው ቀን የበለጠ እንሠራለን። ጉድ በሉ!

እኔ ዴኦሊንዳ እባላለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የማኅበሩም ተወካይ ነኝ። አንድ የአድማ ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ክፍል ተሰብስበን ሳለ የማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ የራጅ ክፍሉ ኦራሲዮ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ ገባ።

“ከሚኒስቴሩ ደውለው ነበር። አድማውን ቀትር ላይ ካነሳን ሰኞ ተቀምጠው ሁለት ቋሚ አዋላጅ ሊቀጥሩልን ይፈርማሉ” አለ።

“የትኛው ሰኞ እንደሆነ ጠይቀሃቸዋል?” አለች ኢልዳ። ኢልዳ ጡረታ ወጥታ ለአድማው ተለምና የመጣች አዋላጅ ናት፤ ምላሷን ግን ጡረታ አላወጣችውም።

“አሹፊ አንቺ። በጽሑፍ ልከዋል እኮ።”

“የኢንዱስትሪ መንደሩንም በጽሑፍ ነበር ቃል የገቡልን።”

“እሱማ ተሠራ! እኔን የሚያበግነኝም እሱ ነው” አለ ኦራሲዮ ጠረጴዛውን እየመታ። “ልማት መጣላችሁ ብለው ሪባን ቆረጡ። ሰው የማይወለድበት ከተማ ውስጥ ማንን ሊቀጥሩ ነው? ፍየል? አስተማሪ፣ አዋላጅ፣ ፖስተኛ ሲቀንሱ ወጪ ቆጠብን ይላሉ። የሚቀንሱት አገሩን እንደሆነ አይገባቸውም። ለዚህ ነው ሰኞን የምፈልጋት። እጅ አውጡ።”

እኔም እጄን አወጣሁ። የወንድሜ ልጅ ኖኤሚያ እርጉዝ ነበረች፤ የመውለጃዋ ቀን ግን ገና ነበር። በየጊዜው አድማ እየጠሩ ከመኖር ሁለት ቋሚ ሰው ይሻላል ብዬ ነው። ዛሬም ቢሆን ሐሳቡ ክፉ ነበር አልልም። ኦራሲዮ አድማው ቀትር ላይ እንደሚነሣ ፈርሞ ላከ።

ፊርማው ሳይደርቅ ኖኤሚያ በባሏ ክንድ ተደግፋ በኮሪደሩ መጣች። የእንሽርት ውሃዋ ፈሷል። ያማታል፣ ትስቃለች።

“አክስቴ፣ ጨርቁን አይተን መጣን! እግዜር አድማችሁን ይባርከው” አለችኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አድማ ባልነበረበት አንድ እሑድ፣ የመጀመሪያ ልጇን በአምቡላንስ ይዣት ወደ ተራራው ማዶ ስንሄድ ጠመዝማዛው ላይ ወለደች። አምቡላንሱን የሚነዳው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ባትሪ እያበራልኝ እኔ ነኝ የተቀበልኩት። ወንድ ነበር። አላለቀሰም። ከዚያ ወዲህ ኖኤሚያ በዚያ መንገድ ለገበያ እንኳ ሄዳ አታውቅም።

“አድማው እስከ ነገ ነው አይደል?” አለችኝ አልጋው ላይ ስናወጣት።

“አንቺ ትንፋሽሽን ያዢ” አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ዓይኔ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር። ልጁን ና፣ ቶሎ ና፣ እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። እሱ ግን አልቸኮለም።

ልክ በቀትር ዳይሬክተሩ ዶክተር ሴያብራ በሩ ላይ ቆሙ።

“አድማው ተነሥቷል፤ ስለዚህ ማዋለጃው ተዘግቷል። አምቡላንስ ጠርቻለሁ” አሉ።

ኖኤሚያ እጄን ጨመቀችው። “አክስቴ፣ በዚያ መንገድ አልሄድም። ግደዪኝ እንጂ አልሄድም።”

“ዶክተር፣ ልትወልድ ደርሳለች” አልኩ።

“ከአሁን በኋላ የተመደበ ሰው የለኝም። በተዘጋ ክፍል አንድ ነገር ቢፈጠር የምጠየቀው እኔ ነኝ።”

“ጠመዝማዛው ላይ የሆነው ሲሆንስ ማን ተጠየቀ?”

ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈርተዋል። እኔም ፈርቼ ነበር። ቢሆንም ደሜ ፈላ።

“ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ትእዛዝ ነው” አሉ በመጨረሻ።

“አንሄድም።”

“ዴኦሊንዳ፣ አድማው አልቋል እኮ!”

“የወረቀቱ አድማ አልቋል። ይኸኛው የእኔ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አድማ መታሁ እያልኩ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ገና ትእዛዝ እምቢ አልኩ። ከዚህ ክፍል አልወጣም!”

አጠገቤ የነበረችው ኢልዳ ፈትታው የነበረውን የክንድ ጨርቅ መልሳ አሰረች። “እኔን ደግሞ ምን ያደርጉኛል? ጡረታ ያወጡኛል?” አለች።

ዶክተሩ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።

ልጇ ስትመጣ እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ዶክተሩ ፈቱት። ሰማያዊ ሆና፣ ዝም ብላ እጄ ላይ ተኛች። ያ ዝምታ የማውቀው ዝምታ ነበር። ጀርባዋን አሸሁ፣ አፏን ጠረግሁ፣ እመቤቴ፣ እመቤቴ፣ እያልኩ እንደገና አሸሁ። ኖኤሚያ “ለምንድነው የማታለቅሰው?” ብላ ጮኸች። እኔ ማሸቴን አላቆምኩም።

ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች። የተናደደች ይመስል ነበር የጮኸችው። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

“እንኳን ማርያም ማረችሽ” አልኳት ለኖኤሚያ ልጇን ደረቷ ላይ ሳስቀምጥላት።

አየር ፈልጌ መስኮቱን ከፈትኩ። ጭጋግ ወርዷል። ኦራሲዮ አጥሩ ላይ መሰላል አቁሞ ቀዩን ጨርቅ እየፈታ ነው፤ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከበሩ ውጭ አንዲት አሮጌ መኪና መጣችና ቀስ አለች። ከኋላ ወንበር የሴት ማቃሰት ይሰማል። ሾፌሩ የሚወርደውን ጨርቅ አየና መሪውን ወደ ተራራው መንገድ ማዞር ጀመረ።

“ኧረ ቁም!” ብዬ ጮህኩ።

ሰውዬው ፊቱን በመስኮት አወጣ። ልጅ እግር ነው፤ ከንፈሩ ነጥቷል። “እመቤት፣ አድማ አለ ወይስ የለም?” አለኝ።

ኦራሲዮ ከመሰላሉ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። ውሉን የፈረመው እሱ ነው። አለ ካልኩ ሰኞ የለችም፣ ሁለቱ አዋላጆችም የሉም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ከኋላዬ ሕፃኗ ታለቅሳለች።

“አለ!” አልኩ። “ግቡ!”

ኦራሲዮ አንገቱን ነቀነቀ። አንድ የማልጽፈው ስድብ ተሳደበና ጨርቁን መልሶ ማሰር ጀመረ።