አካፋ ያለበት ጉድጓድ

ከተማችን ኬትል ክሪክ ሞታለች ተብሎ ስንት ጊዜ እንደተለቀሰልን እንጃ። ወርቁ ሲያልቅ ሞተች አሉ። ባቡሩ በጎረቤታችን ከተማ በስታንደን በኩል ሲያልፍ ሞተች አሉ። እኛ ግን የአውራጃው ዋና ከተማ ሆነን ቆየን፤ ፍርድ ቤቱ እዚህ ነዋ! ዳኛውም ጠበቃውም ተከሳሹም እኔ ምግብ ቤት ነው የሚበሉት። ዘንድሮ ግን የአውራጃው ምክር ቤት መቀመጫው ወደ ስታንደን ይዙር ብሎ ወሰነ። ፍርድ ቤቱ ከሄደ ትምህርት ቤቱ ይከተላል፣ ከዚያ የእኔ ምግብ ቤት ይዘጋል። ከዚያ የሚቀረው ድብ ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት የፍርድ ቤቱን ዕቃ ሊጭኑ መጡ። ከፊት የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ሎውል ሃስኪን፣ ከኋላው አራት የስታንደን ጎረምሶች። ደረጃው ላይ ሲደርሱ አንድ አሮጌ አካፋ ተጋድሞ አገኙ። አጠገቡ ኦዴሳ ትሪምብል ቆመዋል፤ ከፖስታ ቤታችን ጡረታ የወጡ፣ ምላሳቸው ግን ጡረታ ያልወጣ ሴት ናቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሎውል።

«አካፋ ነዋ! አታውቀውም? ለነገሩ እጅህ ያስታውቃል።»

«ሚስስ ትሪምብል፣ መንገድ እየዘጉ ነው።»

«ማን ዘጋ? ተሻገረዋ!»

በእኛ አውራጃ ወርቅ ቆፋሪ ምሳ ሲሄድ መሣሪያውን ጉድጓዱ ላይ ትቶ ይሄድ ነበር። መሣሪያ ያለበት ጉድጓድ ባለቤት አለው፤ ማንም አያነሳውም፣ አይሻገረውም። ቆፋሪዎቹ ካለፉ ስንት ዘመናቸው! እኛ ዛሬም መንገድ ላይ መዶሻ ወድቆ ካየን ዞረን ነው የምናልፈው። ስታንደኖችም ያው የእነዚያ ሰዎች ልጆች ናቸው። ሎውል የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ተሸካሚዎቹን ከሌላ አገር ማምጣት ነበረበት።

«ግቡ እንጂ!» ብሎ ጮኸባቸው።

«እኔ አልሻገርም» አለ አንደኛው።

«ለምን?»

«አያቴ ከሰማች ቤት አታስገባኝም።»

«በኋላ በር እንግባ» አለ ሎውል።

«እዚያ መጋዜን አጋድሜዋለሁ» አለ አናጢው ኦርቪል ሊያይ ከተሰበሰበው ሰው መሀል። «ስለት ስላለው ተጠንቀቁ!»

ሰው ሳቀ። ፀጉር አስተካካያችን መቀሱን አምጥቶ ከአካፋው ጎን አኖረ። መካኒኩ መፍቻውን አስከተለ። እኔም ሮጬ የሾርባ ጭልፋዬን አመጣሁ። ደረጃው መርገጫ እስኪያጣ ሞላ። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ሎውል ፊቱ ቀላ። «የልጅ ጨዋታ ነው!» አለና ራሱ ሊሻገር እግሩን አነሳ። እግሩ ከአካፋው በላይ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብሎ መልሶ አወረደው።

«ነገ ከሌላ አውራጃ ሰው አመጣለሁ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አምጣ» አሉ ኦዴሳ። «እነሱ ሊሻገሩት ይችላሉ፣ አገራቸው አይደለም። አንተ ግን አቃተህ። ቦታው የማን እንደሆነ እግርህ ያውቃል።»

የመጡበት የጭነት መኪና ባዶውን ወደ ስታንደን ወረደ። ኦዴሳ አካፋቸው እንዳይዝግ ጠዋት ጠዋት እየመጡ ዘይት ይቀቡታል። እኔ ጭልፋዬ ደረጃው ላይ ስለሆነ ሾርባውን በኩባያ እየጨለፍኩ ነው፤ ደንበኞቼ እጃቸው ላይ ቢንጠባጠብም አንድም ያማረረ የለም። የሌላ አውራጃ ሰዎች እስካሁን አልመጡም። ይምጡ። ጭልፋዬን ቢሻገሩ ከጭልፋው ኋላ እኔን ተቀምጬ ያገኙኛል።