ያላረፈ ደም

የእንስሳት ሐኪሟ ምሳ አልበላችም፤ ምኑ ይወርድላት! ትናንት ከሩቅ ተጭነው የመጡ በጎችን ደም ገና ከመኪና እንደወረዱ ብትመረምር፣ ነጭ የደም ሴላቸው ጣሪያ ነክቷል። ውሃ ጠጥተው፣ ተኝተው ካደሩ በኋላ ዛሬ ጠዋት ደግማ ብታየው ወርዶ ቁጭ ብሏል። በሽታ የለ፣ ምን የለ። ደማቸውን ያናወጠው መንገዱ ነው።

ይህን ተምራዋለች'ኮ! ባለፈው ሳምንት ግን አጎቷ ከሩቅ ገበያ የገዙት አውራ በግ ቀኑን ሙሉ በጭነት መኪና ሲናጥ ውሎ ሲወርድ፣ እያለከለከ እዚያው ደሙን ቀዳችው። ቸኩላ ነበር፤ ለምን እንደቸኮለች እንኳ አሁን አታስታውሰውም። ትኩሳቱንና የሴሉን ብዛት አይታ "ተላላፊ ነው፣ ሌሎቹን ሳይጨርስ ይወገድ" ብላ ፈረደች። በመርፌ ገደለችው።

ከሥራ ወጥታ በቀጥታ አጎቷ ዘንድ ሄደች። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። በረቱን ኖራ ሲቀቡ አገኘቻቸው፤ እናት በጎቹ ደጅ ታስረዋል።

"መጣሽ የኔ ልጅ? እነዚህንም ልሸኛቸው ነው። ነጋዴው እየመጣ ነው።"

"ለምን ጋሼ?"

"ዕድሜ ልኬን በግ አርብቼ በሽተኛውን ከጤነኛው መለየት ካቃተኝ ምን ቀረኝ? ዓይኔ ከድቶኛል። አንቺ ባትደርሺልኝ ሁሉንም ፈጅቶብኝ ነበር።" ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "ዶሮ ላርባ እንግዲህ። ዶሮ ባይታየኝም ይሰማኛል።"

ዝም ብትል ማን ያውቃል? በጉ ተቀብሯል፣ ምስጋናውም የእሷ ነው። ሰው መቼም ጉድ አያልቅበትም፤ ለአፍታ ዝምታው አማራት። የነጋዴው መኪና ድምፅ ከወዲያ ማዶ ተሰማ።

"ጋሼ፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም" አለች። "በጉ ጤነኛ ነበር። የመንገድ ድካሙን በሽታ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሳያርፍ ደሙን ወሰድኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

አጎቷ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ከተቱ። ይስደቡኝ፣ ይርገሙኝ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ ወደ በረቱ ሊመልሷቸው የእናት በጎቹን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው አስቸገራቸው።

"ጤነኛ ነበር?" አሉ ሳይዞሩ።

"አዎ ጋሼ።"

"መርፌውን አይቶ ሲፈራ፣ ጆሮውን እያሻሸሁ፣ አይዞህ እያልኩ የያዝኩልሽ እኮ እኔ ነኝ።"