ቁራዋ ከነባሏ

ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራው ወፍ መቁጠር ነው። ያየውን ዝርያ ሁሉ ከነቀኑ ከነቦታው በሰማያዊ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ባለፈው ወር ሦስት መቶ ሞላለትና የወፍ ተመልካቾች ማኅበር ጓደኞቹን ለቅዳሜ ቤታችን ጠራ። እኔም ቁጥሩ የተጻፈበት ኬክ አዘዝኩ።

ሐሙስ ጠዋት የማኅበሩ ጸሐፊ ደወለ። ተመራማሪዎቹ አዲስ የዝርያ ዝርዝር አውጥተዋል፤ ከወንዙ ወዲህ ያለው አንገተ ግራጫ ቁራና ከወንዙ ማዶ ያለው ጥቁሩ ቁራ ከእንግዲህ አንድ ዝርያ ናቸው። ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

"ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሆንኩ" አለኝ። አሳዘነኝ። ኬኩም አሳዘነኝ።

ቀኑን ሙሉ የተቃውሞ ደብዳቤ ሲጽፍ ዋለ። ማስረጃው እኛው በረንዳ ፊት ያለው ዛፍ ላይ ነው። አምና ከዚያ የወደቀ የአንገተ ግራጫ ቁራ ጫጩት ወደ ጎጆው ሊመልስ ሲያነሳ እናትየው ሌባ መሰላት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ብቅ ባለ ቁጥር አናቱን ትነቁረዋለች። እኔን አትነካኝም፣ ፖስተኛውንም አትነካም፤ እሱን ብቻ። አበባ የሚያጠጣው ድስቴን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ነው።

"የማዶው ጥቁር ቁራ ክፉ ነገር አድርጎብኝ አያውቅም" እያለ ጮክ ብሎ ጻፈ። "እንዲህ ያለ ጨዋ ከዚህች ጋር እንዴት አንድ ይባላል?"

"እነሱስ ለምን አንድ አሏቸው?"

"ወንዙ ዳር ሲገናኙ ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ ነው የሚሉት። ወሬ ነው።"

ዓርብ ጠዋት አበባ ላጠጣ ብሎ ወጣና የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። ተከትዬው ብወጣ ድስቱን እንደደፋ ፈዞ ቆሟል። ጠላቱ ጎጆዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ አንድ ጥቁር ቁራ፣ የማዶ ጥቁር፣ እያጎረሳት ነው። ጥቁሩ ባለቤቴን ሲያይ ተወርውሮ መጣና ድስቱን ቋ አደረገው።

"ሚስቱ ነግራዋለች" አልኩት።

አልሳቀም።

"አባቴ የማዶ ሰው ከእኛ ጋር አይሆንም ሲልህ ምን ነበር ያልከው?"

ድስቱን ከራሱ ላይ አወረደ። "የለየን ውሃ ነው እንጂ አንድ ነን አልኩ።"

አርባ ዓመት ሆነው፤ ያን ቀን ሊያገባኝ ሊጠይቅ መጥቶ በአባቴ ሳሎን መሃል ቆሞ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ሲናገር ነበር የወደድኩት።

ገብቶ ደብዳቤውን ቀደደ። ከደብተሩ ጥቁሩን ቁራ ሰረዘ፤ "አንገተ ግራጫ ቁራ" ከሚለው ጎን ደግሞ በትንንሹ "ከነባሏ" ብሎ ጻፈ።